ፓኬት ሬዲዮ፦ ጊዜው ያለፈበት ወይስ ለእኛ ያልደረሰልን?

ከስድስት ወር በፊት «ፓኬት ሬዲዮ ምንድን ነው?» ብትሉኝ ኖሮ በፓኬት ታሽጎ የሚሸጥ ሬዲዮ ነው የምላችሁ ይመስለኛል። የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝና ሬዲዮ ሲባል ትዝ የሚለኝ ስቱዲዮ፣ ማይክሮፎንና አድማጭ ነው። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ግን ሌላ ዓይነት ሬዲዮ ነው፤ ዘፈን የማያሰማ፣ ዜና የማያነብ፣ ጽሑፍ ብቻ የሚያመላልስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤሌክትሪካል ምሕንድስና የሚማር የሰፈሬ ልጅ አንድ ቀን ማታ «ነይ አንድ ነገር ላሳይሽ» ብሎ ወደ ግቢው ሜዳ ወሰደኝ። ላፕቶፑ ላይ ፍላሽ የምታክል መቀበያ ሰክቷል፤ ከእሷ ላይ ደግሞ ራሱ በሽቦ የሠራት አንቴና ተያይዛለች።

«ምን እየጠበቅን ነው?» አልኩት።

«የጠፈር ጣቢያው በላያችን ሊያልፍ ነው።»

ሳቄ መጣ። ትንሽ ቆይቶ ግን ላፕቶፑ የድሮ ፋክስ የመሰለ «ጭርርር» የሚል ድምፅ አሰማና ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ጽሑፍ ታየ። ቀጥሎ ሌላ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጣቢያው አለፈ፤ ድምፁም ጠፋ። ሲም ካርድ የለ፣ ዋይፋይ የለ፣ ማማ የለ። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በ145.825 ሜጋ ኸርዝ ላይ ከምድር የአማተሮችን አጫጭር መልእክት ይቀበልና መልሶ ወደ ምድር ይለቀዋል። «ይኸውልሽ ፓኬት ሬዲዮ» አለኝ።

አሠራሩ እንደፈራሁት ከባድ አይደለም። የጻፍነው ጽሑፍ በትናንሽ ጥቅሎች ይቆራረጣል። በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ እንደ ፖስታ ሁሉ የላኪና የተቀባይ መለያ ይጻፍበታል፤ ስሕተት መኖር አለመኖሩ የሚታወቅበት ቁጥርም ይጨመርበታል። ከዚያ ጥቅሉ በሁለት ድምፆች፣ በ1200 እና በ2200 ኸርዝ፣ እየተቀያየረ በሬዲዮ ይሄዳል። ሁለት ጣቢያዎች ሲገናኙ ተቀባዩ ቁጥሩን አመሳክሮ «ደርሶኛል» ይላል። ካላለ ላኪው ይደግማል። መሐል ላይ ያለ ጣቢያም ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው ያቀብላል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 የሃዋይ ዩኒቨርሲቲው ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ አሎሃኔት በተባለ መረብ ደሴቶችን በሬዲዮ አገናኙ። በ1978 የካናዳ መንግሥት ለአማተሮች ሲፈቅድ የሞንትሪያል አማተሮች ጀመሩት። በ1980ዎቹ የአሪዞናዋ የተክሰን ከተማ አማተሮች ማንም ገጣጥሞ ሊሠራው የሚችል መሣሪያ አወጡና በየአገሩ ተዛመተ። ሰዎች ኢሜይል የሚባል ነገር በየቤቱ ከመግባቱ በፊት በሬዲዮ ይጻጻፉ ነበር ማለት ነው። አፍሪካንም ነክቷል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዶክተር በርናርድ ላውን ያቋቋሙት ሳተላይፍ የተባለ ድርጅት ከአማተሮቹ ዘዴ ጋር በሚዛመድ ትንሽ ሳተላይት የአፍሪካ ሐኪሞችን መልእክት ያመላልስ ነበር። ሳተላይቷ በአንዱ ከተማ ላይ ስታልፍ ትቀበላለች፤ በሌላው ላይ ስታልፍ ታደርሳለች።

ይህን ሲነግረኝ ዝም አልኩ። አንድ ወረቀት ትዝ ብሎኝ ነው።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያ ሲደርስ እኔ አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ነበርኩ። እናቴና ሁለት ወንድሞቼ እዚያው ናቸው። ስልክ ተቋረጠ፤ መብራትም ጠፋ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ የእናቴን ድምፅ አልሰማሁም። በዚህ መሐል፣ መስከረም ላይ፣ በእግሩ ደሴ የገባ የጎረቤት ልጅ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ለአንድ ዘመዳችን ሰጠው። ዘመዳችን ለሹፌር፣ ሹፌሩ መናኸሪያ ላይ ለአክስቴ። «ደህና ነን። ጎረቤት ሁሉ ደህና ነው። አትጨነቁ።» ይላል የእናቴ ጽሕፈት። አክስቴ እልል አለች። እኔ ግን ከላይ የተጻፈውን ቀን አየሁት። 19 ቀን ሆኖታል። የዛሬ 19 ቀን ደህና ነበሩ፤ ዛሬስ? ይህንን ለማንም አልተናገርኩም።

እናም ያን ማታ ሜዳው ላይ ሒሳብ ሠራን። አንድ የአማርኛ ፊደል በኮምፒውተር 3 ባይት ይይዛል። አንድ ፓኬት በተለመደው አሠራር እስከ 256 ባይት ይሸከማል፤ ስለዚህ ወደ 85 ፊደል ገደማ መሆኑ ነው። የእናቴ ወረቀት በአንድ ፓኬት ውስጥ ገብታ ቦታ ይተርፋል። በሰከንድ 1200 ቢት በሚባለው በዚያ ቀርፋፋ ፍጥነት እንኳ ከአንቴና ወደ አንቴና ለመዝለል ሁለት ሰከንድ አይፈጅባትም።

ታዲያ ፓኬት ሬዲዮ ቢኖረን ኖሮ ያ ሁሉ ጭንቀት አይኖርም ነበር? ልቤ «አዎ» ማለት ይፈልጋል። ግን ሙያችን የልብን ብቻ ጻፉ አይለንም። አንደኛ፣ ፈቃድ ይጠይቃል፤ በጦርነት ጊዜ ደግሞ ቤቱ አንቴና የተገኘበት ሰው ምን ሊደርስበት እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ሁለተኛ፣ አማተሮች መልእክታቸውን በምስጢር ቋንቋ መሸፈን አይፈቀድላቸውም፤ መቀበያ ያለው ሁሉ ያነበዋል። ምንጩን መጠበቅ ያለበት ጋዜጠኛ ሊጠቀምበት አይችልም። ሦስተኛ፣ አንድ ሰው ብቻውን ቢኖረው ዋጋ የለውም። ማዶ የሚቀበል፣ መሐል ላይ የሚያቀብል ያስፈልጋል። የእናቴ ወረቀት የደረሰችው ሦስት ሰዎች እጃቸውን ስለዘረጉ ነው።

«ኢንተርኔት እያለ ምን ያደርጋል?» የሚሉም አልተሳሳቱም። ከ1990ዎቹ በኋላ አብዛኛው የአማተሮች የጽሑፍ መለዋወጫ ጣቢያ ተዘግቷል። ግን አልሞተም። አሜሪካዊው ቦብ ብሩኒንጋ በፈጠሩት ኤፒአርኤስ በተባለው ዘዴ መኪና፣ ፊኛና የአየር ሁኔታ መለኪያ ያሉበትን ቦታ ዛሬም ያስታውቃሉ። እሳቸው በ2022 አርፈዋል፤ ሥራቸው ግን ቀጥሏል። ዊንሊንክ በተባለው ደግሞ ባሕር ላይ ያሉ ሰዎችና የአደጋ ሠራተኞች ኢሜይል ይልካሉ። አማተሮች ድሮ በነፃ ካገኟቸው 16 ሚሊዮን የኢንተርኔት አድራሻዎች ውስጥ ሩቡ በ2019 ለአማዞን ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጦ ገንዘቡ ለዘርፉ ድጋፍ ውሏል። አሁን አሁን ደግሞ ሜሽታስቲክ የሚባሉ ኪስ የሚገቡ መሣሪያዎች ያንኑ የማቀበል ሐሳብ ይዘው መጥተዋል። ስሙና ሳጥኑ ይቀየራል እንጂ ሐሳቡ አላረጀም ባይ ነኝ።

በእኛ አገርም መሠረቱ ጨርሶ የለም አይባልም። አምስት ኪሎ በቴክኖሎጂው ግቢ ኢቲ3ኤኤ የሚል መለያ ያለው የአማተር ክበብ ጣቢያ ለዓመታት ሲሠራ ቆይቷል። እኔ የምለው፣ ጥቅሙ ነገ ስልክ ሲቋረጥ በድንገት የሚወለድ አይደለም። መሬት ሲንሸራተት፣ ጎርፍ መንገድ ሲቆርጥ፣ መሣሪያውንም ፈቃዱንም ቀድሞ የያዘ ሰው በየከተማው ሊኖር ይገባል። እኛ ጋዜጠኞች ልንልክበት ባንችልም ስለ እሱ መጻፍ እንችላለን፤ ይህችም የመጀመሪያዬ ናት።

ባለፈው ሳምንት እማዬ ጋ ደውዬ ይህንን ሁሉ አስረዳኋት። ሁለት ሰከንድ ብቻ እንደሚፈጅም ነገርኳት። ጸጥ ብላ አዳመጠችኝና «ታዲያ ልጄ፣ ያን ጊዜ የት ነበራችሁ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ቸር እንሰንብት።