ቤታችሁ ምን ይተነፍሳል?

ባልና ሚስት በገንዘብ፣ በዘመድ፣ በልጅ አስተዳደግ ሲጋጩ አይታችኋል። እኔና ባለቤቴ ግን አንድ የበረዶ ወቅት ሙሉ የተኳረፍነው በአየር ምክንያት ነው። ብትስቁ አልቀየማችሁም፤ እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር።

የምንኖረው በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት፣ አውሮራ በምትባል ከተማ ነው። ብዙ ሐበሻ ያለባት ከተማ ስለሆነች ከመካከላችሁ የምታውቋት አትጠፉም። ቤታችንን ስንገዛ ከሁሉ በላይ ልቤን የሳበው ከሥሩ ያለው ቤዝመንት ነበር። ስንረከበው ባዶ ሲሚንቶ ነው። ሙቀቱ በሚበረታባቸው ወራት ከሥራ መልስ እየወረድኩ ግድግዳውን በገዛ እጄ ሠራሁ፤ ምንጣፍ አነጠፍኩ፤ ትንሽ መታጠቢያ ቤት ጨመርኩ። ከዚያ እናቴን ከደብረ ዘይት አስመጣኋትና "እማዬ፣ ይኸው ቤትሽ" አልኳት። አምስት ዓመት እዚያ ክፍል ተኛች። ዓርብ ማታ የቤት ኅብረታችን የሚሰበሰበው እዚያ ነው፤ ቅዳሜ ልጆቹ የሚጫወቱትም እዚያው። እንግዲህ ያንን ክፍል የነካ ሰው እኔን እንደነካ ነበር የምቆጥረው።

ነገሩን ያመጣችው ባለቤቴ ናት። ክሊኒክ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ "ቤታችሁን ለሬዶን አስመርምራችሁታል?" ብላ ጠየቀቻት። ማታ ስትነግረኝ ሬዶን የመድኃኒት ስም መስሎኝ ነበር። ሬዶን ግን ጋዝ ነው። በአፈርና በዓለት ውስጥ ያለው ዩራኒየም ቀስ በቀስ እየፈረሰ ሲሄድ ይፈጠራል። ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ጣዕም የለውም። ሜዳ ላይ ሲወጣ ከነፋሱ ጋር ተቀላቅሎ ይበተናል። ከቤት ሥር ሲወጣ ግን በሲሚንቶው ስንጥቅ፣ በቧንቧው ዙሪያ፣ ወለሉና ግድግዳው በሚጋጠሙበት በኩል ሾልኮ ይገባል። በብርድ ጊዜ ይብሳል፤ የሞቀው አየር በጣሪያ በኩል ሲወጣ ቤቱ እንደ ጭስ ማውጫ ሆኖ ከሥሩ ያለውን የአፈር አየር ይስባል። ይህ ጋዝ ሲፈርስ የሚወልዳቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች ከትንፋሽ ጋር ገብተው ሳንባ ላይ ይቀመጣሉ፤ ጨረራቸውንም እዚያው ይለቃሉ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በአገሪቱ በየዓመቱ 21,000 ያህል ሰዎች በሬዶን ሳቢያ በሚመጣ የሳንባ ካንሰር እንደሚሞቱ ይገምታል። ለሳንባ ካንሰር ከሲጋራ ቀጥሎ ሁለተኛው መንስኤ እርሱ ነው፤ ሲጋራ ለማያጨሱ ሰዎች ደግሞ የመጀመሪያው።

ይህንን ሁሉ ዛሬ አውቄ ነው የምጽፍላችሁ። ያን ጊዜ ግን ያልኩት ሌላ ነው። "ነጋዴ ካላስፈራራ አይሸጥም" አልኩ። ቀጠልኩናም "እግዚአብሔር የሰጠንን ቤት በመሣሪያ ልታስመረምሪው ነው?" አልኳት። በዚህኛው አፍራለሁ፤ ስንፍናዬን በእምነት ካባ ሸፍኜ ማቅረቤ ነበርና። ባለቤቴ አልተቆጣችም። መጽሐፍ ቅዱሷን አንሥታ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14ን ገለጠችልኝ። ካህኑ የቤቱን ግድግዳ አይቶ ሲጠረጥር ቤቱን ሰባት ቀን እንደሚዘጋውና በሰባተኛው ቀን ተመልሶ እንደሚያየው የሚናገረውን ክፍል ማለቴ ነው። "ቤት ዘግቶ ቀን ቆጥሮ መመርመር እኔ የጀመርኩት አይደለም" ብላ ተኛች። መልስ አልነበረኝም፤ መሸነፌንም አላመንኩም። ከሃያ ዶላር ባነሰ ዋጋ የገዛችው መመርመሪያ ሦስት ወር መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። መሳቢያውን በከፈትኩ ቁጥር አየዋለሁ፤ መልሼ እዘጋዋለሁ።

በመካከሉ አንድ ነገር አነበብኩ፤ ለመርታት ስፈልግ የተረታሁበት ነው። በታኅሣሥ 1984 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ በፔንስልቬንያ ግዛት ሊመሪክ በተባለው የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ግንባታ ላይ ስታንሊ ዋትረስ የሚባል መሐንዲስ ይሠራ ነበር። የጨረር መቆጣጠሪያው ደወል እርሱ በመጣ ቁጥር ይጮህ ጀመር። ሰዎቹ ግራ ገባቸው፤ ማመንጫው ገና ሥራ አልጀመረምና። በኋላ ሰውዬው ወደ ሥራ ሲገባም ደወሉ እንደሚጮህ ታወቀ፤ ጨረሩን ይዞት የሚመጣው ከቤቱ ነበር ማለት ነው። ቤቱ ሲለካ በሊትር 2,700 ፒኮኪዩሪ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ፒኮኪዩሪ የሬዶን መለኪያ ነው። ኤጀንሲው "ቤታችሁን አስጠግኑ" የሚለው 4 ሲደርስ ነው፤ ከ2 በላይ ከሆነም እንድታስቡበት ይመክራል። በአውሮፓ ያላችሁ በቤክሬል ነው የምታነቡት፤ 4 ፒኮኪዩሪ በሊትር ማለት 148 ቤክሬል በኩብ ሜትር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ያወጣው መመሪያ ከዚያም ዝቅ ብሎ 100 ቤክሬልን ያስቀምጣል። በእኛ በኮሎራዶ ደግሞ ከቤቶቹ ግማሽ ያህሉ ከ4 በላይ እንደሆኑ የግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት ይናገራል። ያን ሌሊት ከምድጃው አጠገብ ቁጭ ብዬ ግማሽ የሚለውን ቃል ደጋግሜ አነበብኩት።

በጥር 2022 መመርመሪያውን ከመሳቢያው አወጣነው። ከዋዜማው ጀምሮ መስኮቱን ሁሉ ዘጋን፤ እማዬ ክፍል ውስጥ ከግድግዳው ራቅ አድርገን በርጩማ ላይ አስቀመጥነው። እማዬ አነሣችና አገላበጠችው።

"ምንድን ነው ውስጡ ያለው?"

"ከሰል ነው እማዬ። አየሩን ይስባል።"

"ከሰል? ያለ እሳት?" ብላ ሳቀች። "አርባ ዓመት የማገዶ ጭስ በልቻለሁ፤ እናንተ አሁን ሽታ የሌለው ነገር ትፈልጋላችሁ።"

አራት ቀን ቆየ፤ አሽገን ለላቦራቶሪ በፖስታ ላክነው። ውጤቱ 11.2 ሆኖ መጣ።

ወንድሞች፣ እናንተ ብትሆኑ ሚስታችሁ በዚያች ሰዓት ምን እንድትል ትጠብቃላችሁ? እኔ "አላልኩህም?" የሚለውን ጠብቄ ትከሻዬን ሰብስቤ ነበር። እርሷ ግን ወረቀቱን አጥፋ "ዛሬ እማማ ላይ ይደሩ" ብቻ አለች። ያቺን ማታ ልጆቹን ሳሎን አስተኝተን እናቴን ወደ እነርሱ ክፍል አወጣናት። ምክንያቱን አልነገርኳትም፤ "ቤዝመንቱ ይበርዳል" አልኳት። ሳንሱር ያደረግሁት ለእርሷ ብዬ አልነበረም፤ "ይኸው ቤትሽ" ያልኩባትን አፌን ለማዳን ነው። አምስት ዓመት! በገዛ እጄ ሠርቼ፣ በገዛ እጄ ያስተኛኋት ክፍል!

በሦስተኛው ቀን ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና "ታዲያ አንተ ልጅ፣ ከአፈሩ የሚወጣውን አንተ ነህ የፈጠርከው?" አለችኝ። ከዚያ ቡናዋን ጠየቀች።

ሐኪሟ ሲያነጋግሯት ሬዶን ዛሬ ተነፍሰውት ነገ የሚጥል መርዝ እንዳልሆነ፣ አደጋው በመጠኑና በዓመታት ብዛት እንደሚያድግ፣ በሲጋራ አጫሽ ላይ ደግሞ ብዙ እጥፍ እንደሚከፋ አስረዷት። ራስ አያሳምም፤ አያስልም፤ ስለዚህ ምልክት እጠብቃለሁ የሚል ሰው የሚጠብቀው ነገር የለም። አንዳንዶች "ግድግዳችን ላይ አላርም አለ" ይላሉ። የእሳት ጭሱም የካርቦን ሞኖክሳይዱም አላርም ሬዶንን አያውቀውም፤ ለእያንዳንዱ ራሱን የቻለ መለኪያ ያስፈልጋል።

አንድ ምርመራ ብቻ ይዛችሁ ገንዘብ አታውጡ። እኛም ወዲያው ሁለተኛ አደረግንና 10.4 ሆነ። በሥራው የሰለጠነና ፈቃድ ያለው ሰው ጠራን፤ 1,650 ዶላር ጠየቀን። ለታናሽ ወንድሜ ሠርግ ወደ አገር ቤት ልንሄድበት ያጠራቀምነው ገንዘብ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እዚህ ላይ እንደገና ተኳረፍን። "መስኮት ከፍተን እንኑር" አልኩ። መስኮት መክፈት እኮ ይቀንሰዋል፤ ችግሩ በተዘጋ በሰዓታት ውስጥ ተመልሶ መምጣቱ ነው፤ በኮሎራዶ ጥር ወር ደግሞ መስኮት ከፍቶ የሚተኛ የለም። ሠርጉን በስልክ አየን። ወንድሜ እስካሁን ያነሣብኛል።

ሥራው የአንድ ቀን ነው። ሰውዬው የቤዝመንቱን ሲሚንቶ ጥግ ላይ ቀዳ፤ ከሥሩ ጥቂት ባልዲ አፈርና ጠጠር አወጣ፤ በቀዳዳው የፕላስቲክ ቱቦ ተከለ፤ ቱቦውን በውጭው ግድግዳ አሳልፎ ከጣሪያ በላይ አወጣውና ቬንትሌተር ገጠመበት። ስንጥቆቹንም ደፈነ። ቬንትሌተሩ ሌሊትና ቀን እየሠራ ከወለሉ ሥር ያለውን አየር ቤት ሳይገባ ስቦ ወደ ሰማይ ይለቀዋል። በጣም ቀላል ነገር መሆኑ አናደደኝ። በወሩ ውስጥ ደግመን ስንለካ 1.2 ሆነ። ውጭ ያለው አየር በአማካይ 0.4 ነውና ዜሮ የሚባል ነገር አትጠብቁ። እማዬ ወደ ክፍሏ ተመለሰች።

ለኅብረቱ ወገኖች ሁሉን ተናገርን፤ ዓርብ ዓርብ እኛ ጋር የተነፈሱት እነርሱም ናቸውና። አብዛኞቹ መመርመሪያ ገዙ። አንድ ወንድም ግን "እኔ አልለካም፤ ቤቱን ልሸጠው ነው፤ ካወቅሁ መናገር ሊኖርብኝ ነው" አለኝ። በኮሎራዶ ከ2023 ወዲህ ሕጉ ራሱ ሻጩ የሚያውቀውን የሬዶን ውጤት ለገዢው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ሕጉ ባይኖርስ? የሚገዛው ቤተሰብም አያት ይኖረው ይሆናል አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን ቀዝቅዟል፤ መናገሬን ግን አልተጸጸትኩበትም።

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ እኔ ራሴ ሌላ ችግር ሆንኩ። ሬዶኑንም፣ የአየሩን ብናኝም፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱንም የሚለካ ዲጂታል መሣሪያ ገዛሁ። በስልኬ ቁጥሩን አያለሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥቼ አያለሁ። ቡና ሲቆላ ቁጥሩ ሰማይ ሲወጣ አይቼ እማዬን ከምድጃው ላይ ልነጥቃት ምንም አልቀረኝም። ባለቤቴ አንድ ማታ ስልኩን ከእጄ ወስዳ "መጀመሪያ አልለካም ብለህ አስጨነቅኸኝ፤ አሁን ደግሞ በመለካት ታስጨንቀኛለህ" አለችኝ። እውነቷን ነው። ሬዶን በነፋስ፣ በዝናብ፣ በአየር ግፊት ሰዓት በሰዓት ከፍ ዝቅ ይላል፤ ትርጉም ያለው የሳምንታትና የወራት አማካዩ ነው። አሁን በወር አንድ ጊዜ፣ ሁለታችንም ባለንበት ብቻ ነው የማየው።

መሣሪያው ያስተማረን ግን አለ። የልጆቹ ክፍል በር ተዘግቶ ሲያድር ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ጠዋት 1,900 ደርሶ እናገኘው ነበር፤ ውጭ ያለው 420 ገደማ ነው። አየሩ አልተቀየረም ማለት ነውና በሩን ገርበብ አድርገን ማሳደር ጀመርን። ከምድጃችን በላይ ያለው ጭስ መሳቢያም ለካ ጭሱን ወደ ውጭ ሳይሆን በወንፊት አሳልፎ መልሶ ፊታችን ላይ ነው የሚተፋው። አሁን ቡናው የሚቆላው መስኮት ሥር ነው። በሰደድ እሳት ወራት ደግሞ የውጭው አየር ከውስጡ ይከፋልና ያኔ መስኮቱን እንዘጋለን።

አገር ቤት ያላችሁ "ይህ የቤዝመንት ሰዎች ጣጣ ነው" ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡ። የእናንተን ቤት የሚያሰጋው ይበልጥ ቅርብ ነው። ልጅ ሳለሁ በሐምሌ ዝናብ እማዬ የከሰል ምድጃውን ወደ መኝታ ክፍል አስገብታ በሩን ዘጋችው። ጭሱ አልቆ ፍሙ ቀልቶ ስለነበር የጠራ መስሏት ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ራሴን ይዞኝ አስመለሰኝ፤ ማስመለሴ አነቃት፤ በሩን ከፈተችው። ጭስ የሌለው ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል፤ እርሱም ሽታ የለውም፤ በደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ከ200 እጥፍ በሚበልጥ ጉልበት ይይዛል። ሬዶን ዓመታት ይጠብቃል፤ ይኼ ግን እስኪነጋም አይጠብቅም። ምድጃችሁን ደጅ አሳድሩት።

ቬንትሌተሩ መሥራቱን የምታሳይ፣ ቱቦው ላይ የተገጠመች ሁለት ክንድ ያላት ጠማማ መስታወት አለች፤ ውስጧ ቀይ ፈሳሽ አለ። ሁለቱ ክንዶች ላይ ያለው ፈሳሽ ከተበላለጠ እየሳበ ነው፤ እኩል ከሆነ ቆሟል። እማዬ በየማለዳው ከጸሎቷ በኋላ ሄዳ ታየዋለች፤ ማንም አላዘዛትም። ባለፈው ኅዳር፣ ሌሊቱን በረዶ ጥሎ ባደረበት ጠዋት፣ ገና ካልሲዬን ሳላደርግ ድምፅዋ ከደረጃው ሥር መጣ፤ "አንተ ልጅ! ቀዩ ውኃ እኩል ሆኗል፤ መብራቱን እየው!" ወርጄ የኤሌክትሪክ ሳጥኑን ከፈትኩ። እውነትም ማብሪያው ወርዶ ነበር።