ቶሎ የመጣ ስም

ድሬዳዋ ውስጥ «ሆዴን አመመኝ» ብላችሁ የምታውቁ ከሆነ ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቁታላችሁ። ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ መልሱ ይደርሳል። አከራይዋ «ጨጓራ ነው፣ ተልባ በጥብጠሽ ጠጪ» ትላለች። የባጃጁ ልጅ በመስታወት እያየ «ታይፎይድ ነው፣ እኔንም ይዞኝ ነበር» ይላል። አክስት «ዓይን ነው» ትላለች። የሥራ ባልደረባ፣ ቅሜ እንደማላውቅ እያወቀች፣ «ጫት ቀንሺ» ትላለች። ከተማችን ሰው አይርቃትም፤ ሽማግሌውንም ሐኪሙንም «አንተ» ብላ ነው የምታወራው። ይህን ቅርበቷን እወደዋለሁ። በሕመም ላይ ግን አንድ ጣጣ አለው፤ ስም የሚሰጥ ሰው አይጠፋም፣ ስሙም ቶሎ ይመጣል።

የእኔ ሕመም የጀመረው ኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። 25 ዓመቴ ነበር፤ ከዚራ አካባቢ አንድ መደብር ውስጥ ሒሳብ እሠራለሁ። እምብርቴ ዙሪያ የሚመላለስ፣ ደብዘዝ ያለ ሕመም ነበር። አልጋ ላይ አይጥልም፣ ከሥራ አያስቀርም። ሁለት ጉርሻ ስጎርስ ግን የጠገብኩ ይመስለኛል፤ ከዚያ ይነፋኛል፤ ከዚያ ይቆርጠኛል። አንዳንድ ሳምንት ጨርሶ ይጠፋና «ተገላገልኩ» ስል ይመለሳል። የሚያስጮህ ሕመም ቢሆን ኖሮ ሰው ቶሎ ይደነግጥልኝ ነበር።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እኔ አልደበቅኩም። በዐሥር ወር ውስጥ አምስት ቦታ ካርድ አወጣሁ።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ደም ወስዶ «ኤች ፓይሎሪ ፖዘቲቭ ነሽ» አለኝ። ይህች ባክቴሪያ ቀልድ አይደለችም። ባሪ ማርሻል የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም፣ ጨጓራን የምታሳምመው እሷ ናት ብሎ ሰው አላምን ሲለው፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያዋን ራሱ ጠጥቶ ታመመ። በ2005 ከባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ነገር ግን ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ተሸክሟት ይኖራል፤ አብዛኛውም ምንም አይሰማውም። የደም ምርመራው የሚናገረው ሰውነታችሁ አንድ ጊዜ ከእሷ ጋር መገናኘቱን ነው። ዛሬ የሚያማችሁ በእሷ ምክንያት ስለመሆኑ የሚለው ነገር የለም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሦስት ዓይነት መድኃኒት ዋጥኩ። አፌ መረረኝ፤ ሕመሙ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

የካቲት ላይ ማታ ማታ ትንሽ ትኩሳት ጀመረኝ። ሁለተኛው ክሊኒክ «ታይፎይድ» አለ። የተሠራልኝ ዊዳል የሚባለው ምርመራ ነው፤ ፈረንሳዊው ፈርናንድ ዊዳል እ.ኤ.አ. በ1896 ያስተዋወቀው። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ መሣሪያ አይጠይቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ ግን የሚታመን አይደለም፤ ድሮ ይዞ የለቀቀ ታይፎይድም ሆነ ጭራሽ ሌላ ኢንፌክሽን ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። ያን ጊዜ መርፌዬን ተወግቼ ወደ ቤት ሄድኩ።

ሦስተኛው ቦታ ወባ ነው የፈለጉብኝ። አልፈርድባቸውም። ድሬ ትኩሳትን በስሙ ለመጥራት የሠለጠነች ከተማ ናት። በ2006 ዴንጊ ሺዎችን አንቀጠቀጠ። በ2011 መጨረሻ ቺኩንጉንያ መጣና ሰፈር ሙሉ መገጣጠሚያውን ይዞ አነከሰ። በ2014 ደግሞ ወባ ተነሣ፤ ያውም ከእስያ በመጣችውና ከተማ መሀል በውሃ በርሜልና በታንከር ውስጥ በምትራባው በአኖፊለስ ስቴፈንሲ ትንኝ። ይህን ሁሉ ያየ የጤና ባለሙያ የሚያተኩስ ሰው ሲመጣለት ወባን ባይፈልግ ነበር የሚገርመው። የእኔ ደም ግን ወባ አልነበረበትም። «ቫይረስ ይሆናል» ተብዬ ፓራሲታሞል ይዤ ወጣሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ከነዚህ ስሞች አንዱም የውሸት በሽታ አይደለም። ጨጓራም አለ፣ ታይፎይድም አለ፣ ወባም አለ። እያንዳንዱ ስም ለሌላ ሰው እውነት ነበር። ለእኔ ያደረገልኝ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥያቄውን ዘጋው። ስም የሌለው ሕመም ቢያንስ ያስጠይቃል። ስም ከተሰጠው በኋላ ሕመምተኛው አሁንም «አመመኝ» ካለ፣ ወይ መድኃኒቱን በሥርዓት አልወሰደም፣ ወይ ይጨነቃል ማለት ነው። አራተኛው ቦታ የተባልኩት ይህንኑ ነው። «ጭንቀት ነው፤ ብታገቢ ይሻልሽ ነበር» ተባልኩ፤ በፈገግታ።

ግንቦት መጣ። የድሬን ግንቦት ለማያውቅ መንገር ከባድ ነው። ሌሊት ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ይግላል፤ ሰው ፍራሹን ጎትቶ ግቢ ይተኛል። እኔ በሌሊት ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ቀሚስ እቀይር ነበር። አንሶላው ይጨመቃል። ለእናቴ ብነግራት «በዚህ ወር ማን ያላላበው አለ?» አለችኝ። ልክ ናት፤ ማንም የለም። ከ58 ኪሎ ወደ 49 ስወርድም ጓደኞቼ «ሸንቀጥ አልሽ፣ ምን ተጠቅመሽ ነው?» አሉኝ። ከተማው ራሱ ምልክቶቼን እየሸፈነልኝ ነበር። ላቡን ሙቀቱ ወሰደው፤ ክሳቱን ውበት ወሰደው፤ የምግብ ፍላጎት ማጣቱን ደግሞ ጫት ያልቃምኩትን ልጅ ጫት ወሰደው።

ነሐሴ ላይ ግን ማንም የማይሸፍነው ነገር መጣ። ክንዴ ቀጥኖ፣ ጉንጬ ገብቶ፣ ሆዴ ብቻ እያበጠ ሄደ። ያላገባች ልጅ ሆዷ ሲገፋ ሰፈር ምን እንደሚል አልነግራችሁም። እናቴ ሱቅ ስትሄድ ወሬው ፀጥ ይላል። አንድ ቀን ማታ በሩን ዘግታ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ ዓይኔን ሳታይ፣ «ንገሪኝ፣ አልቆጣሽም» አለችኝ። በዚያ ሁሉ ወር ያለቀስኩት ያን ማታ ነው። እርግዝና ምርመራ ተሠራልኝ፤ ኔጌቲቭ። ወረቀቱን እናቴ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ አስቀመጠችው። ለማን ልታሳየው እንደነበር አልጠየቅኋትም።

አልትራሳውንድ ሆዴ ውስጥ ውሃ መቋጠሩን አሳየ። ሌላ የደም ምርመራ ታዘዘ፤ ሲኤ 125 ይባላል። የማህፀን እንቁላል ማምረቻ ካንሰር ሲኖር ከፍ የሚል ቁጥር ነው። የእኔ ከፍ ብሎ ነበር። ወረቀቱ ላይ «ካንሰር» የሚል አልተጻፈም፤ ያነበበው ሰው ፊት ላይ ግን ተጽፎ ነበር። ከሆድ ሽፋን ጋር የተያያዘ ሌላ በሽታም ያንኑ ቁጥር ከፍ እንደሚያደርገው የነገረኝ አልነበረም። «አዲስ አበባ ሂጂ» ተባልኩ።

ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር አደረግኩ። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ወረቀት ሲበተን አልወድም። እኛ አገር የሕመምተኛን ታሪክ አንድ ላይ ይዞ የሚኖር ቦታ ብዙም የለም፤ ክሊኒክ በቀየራችሁ ቁጥር አዲስ ካርድ ወጥቶ ሕመማችሁ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ሙሉውን የሚያውቀው ሕመምተኛው ብቻ ነው። ስለዚህ ፌስታል ውስጥ የነበሩትን ወረቀቶች በሙሉ በቀን ደረደርኳቸው። በአንድ ገጽ ላይም ጻፍኩ፦ መቼ ጀመረኝ፣ መቼ አተኮሰኝ፣ ስንት ኪሎ ነበርኩ፣ ምን መድኃኒት ወሰድኩ፣ ምን ለውጥ አየሁ። አምስተኛው ቦታ፣ ሪፈር የሚጽፍልኝ የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋ ስገባ ያቺን ገጽ ሰጠሁት።

አነበባት። ደግሞ አነበባት። ከዚያ ከዐሥር ወር ወዲህ ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀኝ።

«ሌሊት ያልብሻል?»

«ድሬ አይደል?» አልኩት።

«አውቃለሁ። ስንት ጊዜ ልብስ ትቀይሪያለሽ?»

«ሁለት ጊዜ።»

«ቤት ውስጥ ሌላ የሚቀይር አለ?»

አሰብኩ። ግቢ የሚተኙት ወንድሞቼ ላባቸውን በአንሶላ ጠርገው ይገላበጣሉ። እናቴ ታራግባለች። ልብስ የሚቀይር ማንም አልነበረም። ሙቀቱ የሁላችንም ነበር፤ ያ ላብ ግን የእኔ ብቻ።

በዚያው ቀን ከሆዴ በመርፌ ውሃ ተቀዳ። የገለባ ቀለም ነበረው። የካንሰር ሴል አልታየበትም፤ ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ግን ሞልተውበት ነበር። ለማረጋገጥ በባቡር አዲስ አበባ ሄጄ፣ በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ ገብቶ ከሆዴ ሽፋን ላይ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ፦ የሆድ ቲቢ።

እኔ ቲቢ ማለት ሳል ይመስለኝ ነበር። ሮበርት ኮህ ባክቴሪያዋን ማግኘቱን ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1882 ነው፤ ከ140 ዓመት በኋላም አብዛኞቻችን የምናውቃት በሳንባዋ ብቻ ነው። እሷ ግን አጥንት ውስጥ ትገባለች፣ እጢ ውስጥ ትገባለች፣ ሆድ ውስጥ ትገባለች። በአገራችን ከቲቢ ታማሚዎች ወደ ሲሶ የሚጠጋው ሕመሙ ከሳንባ ውጭ ነው። የሆዷ ደግሞ ተንኮለኛ ናት፤ አታስስልም፣ አክታ ውስጥ አትገኝም። ቀስ ብላ ታተኩሳለች፣ ቀስ ብላ ታከሳለች፣ ቀስ ብላ ውሃ ትቋጥራለች። የራጅ ውጤቴ ሳንባዬ ንጹሕ መሆኑን ስላሳየ፣ ለቤተሰቤም በትንፋሽ የማስተላልፈው ነገር አልነበረም።

መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ነጻ ነው። ሁለት ወር አራት ዓይነት፣ ከዚያ አራት ወር ሁለት ዓይነት። የመጀመሪያው ቀን ሽንቴ ብርቱካን መስሎ ሲወርድ ደንግጬ ጮህኩ፤ ነርሷ «ሪፋምፒሲን ነው፣ እየሠራ ነው» ብላ ሳቀችብኝ። በሦስተኛው ሳምንት ሌሊቱን ሳልነሣ ተኛሁ። በሁለተኛው ወር አንድ ሙሉ እንጀራ በላሁና እናቴ ባዶውን ሳህን ይዛ ቆማ ቀረች።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። ግን እውነተኛውን ስም ባገኘንበት ሳምንት እናቴ ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ? «ለሰው ጨጓራ ነው በይ።»

አልተቆጣሁባትም። ቲቢ የሚለው ቃል ብቻውን አይመጣም። ሰው ዕቃ ይለይባችኋል። «ደግሞ ያኛውም ይኖርባት ይሆናል» ይላል፤ የኤች አይ ቪ ምርመራ ለማንኛውም የቲቢ ታማሚ የሚሠራ መሆኑን ማን ያስረዳዋል? ለአገቢም ይወራል። ዐሥር ወር ያሳሳተን ስም አሁን መጠለያ ሆነልን። ያኔ ነው የገባኝ፤ ጨጓራ የምንለው ነገር ግማሹ የሐኪም ቃል ነው፣ ግማሹ የጎረቤት መጋረጃ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጬ መድኃኒቴን በድብቅ እየዋጥኩ፣ ስንቱ ሰው «ጨጓራ» እየተባለ በዚያው ሰፈር እየከሳ ይሆን እያልኩ አስብ ነበር።

ሚያዝያ 2016 መድኃኒቱን ጨረስኩ። በዚያው ሰሞን አንድ ቅዳሜ ቤታችን ቡና ተፈልቶ፣ አንዲት ጎረቤት ለደንቡ ያህል «የልጅሽ ጨጓራ ተሻላት?» ብላ ጠየቀች። እናቴ ጀበናውን ዘንበል እንዳደረገች ቆየች። ሲኒው ሞልቶ ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ።

«ጨጓራ አልነበረም» አለች። «ቲቢ ነው። የሆድ። ድናለች።»

ማንም አልተናገረም። አንዷ ሲኒዋን ሳትጨርስ አስቀምጣ «እጣኑ አፈነኝ» ብላ ተነሣች፤ ከዚያ ወዲህ ቤታችን ቡና አልጠጣችም። ሌላዋ ግን አልተነሣችም። ትልቁ ልጇ ከጥቅምት ጀምሮ ሆዱን ያመዋል፤ ጫት ነው ተብሎ ተትቷል። ሰው እስኪወጣ ጠበቀችና ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«አንቺ ሌሊት ስንት ጊዜ ነበር ልብስ የምትቀይሪው?»