የመርከቢቱን ጓዳ ስላየንበት ቀን

ከጡረታ ወዲህ ማለዳ ማለዳ በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ ተቀምጠን የሚሮጡትን ወጣቶች መመልከት ልማዳችን ኾኗል። እግራችን መሮጡን ቢተውም ዐይናችን አብሯቸው ይሮጣልና፤ ፀሓይ ሳትበረታ ከቂርቆስ ቤታችን ወጥተን እዚያ እንደርሳለን። ታናሹ ልጃችንም አንዳንድ ቀን ይከተለናል። ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር እንዲሁ ከጎናችን ተቀምጦ ሳለ፤ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «አባባ፤ ባሕር ዳር ሄጄ የመርከብ መሐንዲስነት ልማር አስቤአለሁና ምርቃትዎን እሻለሁ» አለን።

አንባቢያችን ምናልባት ሰምቶት ይኾናል፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛ በመካኒካልና በኤሌክትሪካል ምሕንድስና የተመረቁትን ወጣቶች እየተቀበለ በዓለም አቀፍ መርከቦች ላይ የሚሠሩ መኰንኖች እንዲኾኑ ያሠለጥናቸዋል። ባሕር የሌላት አገር በጣና ሐይቅ ዳር ተቀምጣ የውቅያኖስ ሰው ማውጣቷ ለሰሚው ተረት ይመስላል። ነገር ግን የኢትዮጵያ የንግድ መርከብ ድርጅት በ1956 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ የመርከብ ሥራ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም፤ በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ስትለይ የባሕር በራችን ቢዘጋም፤ መርከቦቻችን ሸበሌ፥ ጊቤ፥ ጅግጅጋ፥ አሶሳ እየተባሉ የወንዞቻችንንና የከተሞቻችንን ስም ይዘው በጅቡቲ ወደብ ሲመላለሱ ኖረዋል። ይህ ልጃችንም ሕፃን ሳለ በለገሃር በኩል ስናልፍ የድርጅቱን ምልክት እያየ «መርከቡ የታለ?» ይለን ነበር፤ እኛም እንስቅበት ነበር።

በዚያን ዕለት ግን አልሳቅንም። «በዩኒቨርሲቲ አስተምረን ያስመረቅንህ በመርከብ ሆድ ገብተህ ዘይት እንድትቀባ፤ ለሽርሽር የወጣ ሰውም አሽከር እንድትኾን አይደለም» ብለን መለስንለት። ቃሉ ከአፋችን ከወጣ በኋላ መክበዱ ታወቀን፤ ነገር ግን አባት የተናገረውን ወዲያው መመለስ አይኾንለትምና ዝም አልን። እርሱም እጅ ነሥቶ ወደ ሯጮቹ ወረደ። እኛ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ስንጽፍና ፋይል ስናገላብጥ የኖርን ስለ ኾንን፤ የተከበረ ሥራ ማለት ጠረጴዛና ማኅተም ያለው ሥራ ይመስለን ነበር። ሰኔና ሐምሌ በማዕድ ላይ «ጨምር» «በቃኝ» ከመባባል በቀር ብዙ ቃል ሳንለዋወጥ አለፉ።

በነሐሴ ወር በኢጣልያ የምትኖረው ታላቂቱ ልጃችን እኛንና እናቷን ጠርታ በሽርሽር መርከብ ሰባት ሌሊት ልታሳፍረን ተነሣች። መርከቢቱ ለሮማ ቅርብ ከኾነው ከሲቪታቬኪያ ወደብ ተነሥታ የሜዲቴራንያንን ከተሞች የምትዞር ናት። ከሦስት ሺሕ በላይ እንግዶችንና ከአንድ ሺሕ በላይ ሠራተኞችን ትይዛለች። ይህም ለዛሬ ዘመን መካከለኛ ነው አሉን፤ በ2016 ዓ.ም. ሥራ የጀመረችው አይኮን ኦፍ ዘ ሲስ የተባለችው መርከብ ርዝመቷ 365 ሜትር ያህል ኾኖ 7,600 መንገደኞች ድረስ ትጭናለችና። ስለ አዳራሾቹ፥ ስለ መዋኛዎቹና ስለ ሙዚቃው አንጽፍም፤ ያን የሚያሳይ ሥዕል በየቦታው ሞልቷል። በአራተኛው ቀን ልጃችን «ዛሬ የመርከቢቱን ጓዳ እናያለን፤ ከፍዬበታለሁ» አለችን። እልፍኙን ያየ እንግዳ ገንዘብ ከፍሎ ጓዳ ሲጐበኝ ለመጀመሪያ ጊዜ መስማታችን ነበርና ሳቅን። ነገሩ የእኅትና የወንድም ምክር እንደ ነበረ የገባን ኋላ ነው።

ዐሥራ ኹለት ያህል ሰዎች ኾነን ተሰበሰብን። ሥዕል ማንሣት ክልክል ስለ ነበረ ስልካችንን ተቀበሉን፤ ጣት የሚያሳይ ጫማ ያደረገውንም ለውጠህ ና ብለው መለሱት። ከዚያ በኋላ አስጐብኚያችን በየቀኑ ስናልፍበት ግድግዳ ይመስለን የነበረውን አንድ በር ከፈተች። በደፉ ላይ ምንጣፉ አለቀ፤ ወለሉ ብረት፥ ጣራው ቧንቧና የኤሌክትሪክ ሽቦ ኾነ። መርከቢቱን ከፊት እስከ ኋላ የሚያቋርጥ ረጅም መንገድ ከፊታችን ተዘረጋ፤ ድንች የጫነ ጋሪ፥ አንሶላ የተሸከመ ልጅ፥ ገና ከእንቅልፉ የተነሣ አብሳይ፥ ደንብ ልብስ የለበሰ መኰንን ኹሉም በእርሱ ይተላለፋሉ። በአንዳንድ መርከቦች ሠራተኞቹ ይህን መንገድ በአገራቸው ታላቅ የመኪና ጐዳና ስም ይጠሩታል አሉን። የልጆቻችን እናት ግን «ይኸማ መርካቶ ነው» አለች።

ማድ ቤቱን ብዙ ቆመን ተመለከትነው። ዳቦው ሌሊቱን ሲጋገር አድሮ ማለዳ ትኩስ ይቀርባል፤ ሥጋው፥ ዓሣው፥ አትክልቱ እያንዳንዱ የራሱ ማቀዝቀዣ ክፍልና የራሱ መክተፊያ አለው፤ አንዱ ከሌላው እንዳይነካካ በቀለም ተለይቷል። በግድግዳው ላይ እያንዳንዱ ምግብ በሳሕን ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ የሚያሳይ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ከመቶ አብሳዮች እጅ የሚወጣው አንድ እንዲመስል ነው። በዚህ ላይ የልጆቻችን እናት አልተስማማችም፤ «ወጥ እኮ የሠሪዋን እጅ ካልመሰለ ምኑን ወጥ ኾነ?» አለችን፤ እኛም በዚህ ከእርሷ ጋር ነን።

ከዚያ ወደ ልብስ እጥበቱ ወረድን፤ ሙቀቱ እንደ ሰመራ ቀትር ነው። እርጥብ አንሶላ በአንድ በኩል ወደ መኪናው ይገባል፤ በሌላው በኩል ተተኩሶና ታጥፎ ይወጣል። በዚያ የሚሠሩት ወጣቶች ከኢንዶኔዥያና ከሕንድ የመጡ ነበሩ። ባሕሩን የሚያዩት መቼ እንደ ኾነ ብናስጠይቅ አንዱ «ወደብ ስንደርስ፤ ተራዬ ከኾነ» አለ። እኛ አራት ቀን ሙሉ ባሕሩን እያየን ስንደነቅ፤ ያ ልጅ የምንተኛበትን አንሶላ እያወጣ ባሕሩን ሳያይ ውሎ ያድር ነበር።

ውኃውም ከባሕሩ ይወሰዳል፤ በሞተሩ ትርፍ ሙቀት ይፈላና እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ጨው የሌለው ውኃ ይኾናል፤ አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ነገሩን ወዲያው ያስተውለዋል። የሠራተኞቹ መኝታ አንዱ ለአብነት ተከፍቶ ነበር፤ ኹለት አልጋ ተደራርቦበታል፤ መስኮት የለውም። በ1998 ዓ.ም. በጄኔቭ የተወሰነው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 ሰዓት፤ በሳምንትም ከ77 ሰዓት ያላነሰ ዕረፍት እንዲሰጥ ያዝዛል ብለው አስረዱን። ሕጉ መልካም ነው፤ ኾኖም ያን ጠባብ ክፍል ስናይ በዐይነ ኅሊናችን የተመለከትነው የልጃችንን ረጅም እግር ነበርና ልባችን አልተደሰተም።

በመጨረሻ የሞተሮቹ መቈጣጠሪያ ክፍል ገባን። ዘይት የተቀባ ሰው እንጠብቅ ነበር፤ ያገኘነው ግን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ በብዙ መስታወቶች ፊት የተቀመጠ የሠላሳ ዓመት ያህል የፊሊፒንስ ሰው ነው፤ ኹለተኛ መሐንዲስ ነኝ አለን። ሞተሮቹ በቀጥታ መርከቢቱን እንደማይነዷት፤ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩና ያም ኤሌክትሪክ የሚገፋትን ሞተር እንደሚያዞር፥ የዳቦውን ምድጃ እንደሚያግል፥ መብራቱንም እንደሚያበራ በትዕግሥት አስረዳን። ሌሎቹ ጐብኚዎች ስለ ፍጥነትና ስለ ነዳጅ ጠየቁት። የልጆቻችን እናት ግን በልጃችን አስተርጓሚነት «ልጄ፤ እናትህን ካየሃት ስንት ጊዜህ ነው?» አለችው።

«ስምንት ወር» አለ።

እርሷም ምንም ሳትናገር ከቦርሳዋ ዳቦ ቆሎ አውጥታ በመዳፉ ላይ አፈሰሰችለት። አስጐብኚዋ ዐይኗን አፈጠጠች፤ እርሱ ግን አንዲቱን ቀምሶ የቀረውን በኪሱ ጨመረ። በዚህ ጊዜ እኛም ደፍረን «አባትህ ይህን ሥራ ወደደልህን?» ብለን ጠየቅነው። እርሱም «አባቴ ራሱ በጭነት መርከብ ላይ የሞተር ዘይት ቀቢ ነበር፤ እንዳልሄድ ከለከለኝ፤ እኔም ሄድሁ። አኹን እንግዳ በመጣ ቍጥር የደንብ ልብሴን ሥዕል ያሳያል። ፈቀድሁልህ የሚለውን ቃል ግን እስከ ዛሬ አልተናገረም» አለን። ልጃችን ይህን ስትተረጕም ወደ እኛ አላየችም።

ልንወጣ ስንል የወፍራሙ ብረት በር ለአንድ ሠራተኛ ተከፈተ፤ ከውስጡም ድምፅና የጋለ ዘይት ሽታ ወጣ። ሽታውን ዐወቅነው። የአባታችን ካፖርት ሽታ ነው። አባታችን በለገሃር የምድር ባቡር መጠገኛ ሠራተኛ ነበሩ። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ከተማው ኹሉ ተደንቆበት ነበር ይባላል፤ የሚያንቀሳቅሱትንና የሚጠግኑትን እጆች ግን የሚያደንቅ ብዙ አልነበረም። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለሱ ከትምህርት ቤታችን በር ቆመው ጠበቁን። ጓደኛችን «ማን ናቸው?» ቢለን «ጐረቤታችን ናቸው» አልነው። መስማታቸውን አናውቅም፤ በመንገድ ላይ እጃቸውን ከኪሳቸው እንዳላወጡ ግን እናስታውሳለን። ያስተማረን ገንዘብ ከዚያ ዘይት የወጣ መኾኑን እያወቅን፤ ለልጃችን «ዘይት እንድትቀባ አይደለም» ያልነው እኛው ነን።

ከዚያ በኋላ ያዩት ካፒቴኑ የሚቆምበት ክፍል በጣም ያማረ ነበር፤ ጓደኞቻችን ኹሉ ተደነቁበት፤ እኛ ግን ልባችን ታች ስለ ቀረ አንድም ነገር አላስተዋልንም። ማታ በማዕድ ሳለን ሳሕኑን ያነሣልንን ልጅ ስሙን ጠየቅነው። አራት ቀን ሲያቀርብልን ስሙ በደረቱ ላይ ተጽፎ ነበር።

አዲስ አበባ የገባነው ዘመኑ ሊለወጥ ጥቂት ሲቀረው ነው። በመስከረም፤ ለደመራው ዕንጨት በሚቆምበት ሰሞን፤ ሦስታችን በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ ተቀመጥን። ልጃችንን ውኃው ከባሕር እንዴት እንደሚጣራ ጠየቅነው፤ በመጽሐፍ ያነበበውን ነገረን፤ እኛም ያየነውን ነገርነው። እንዲህ ስንነጋገር ከግንቦት ወዲህ የመጀመሪያችን ነበር። ስለ ጠባቡም ክፍል፥ መስኮት ስለ ማጣቱም አልደበቅንለትም። ቀጥለንም ስለ አያቱ ካፖርት ነገርነው፤ እርሱ የሚያውቀው አያቱ «የባቡር ባለ ሥልጣን» እንደ ነበሩ ነው፤ እንዲህ ብለን የነገርነው እኛ ነበርን። ጥቂት ዝም አለና «ታዲያ ምን ይሉኛል?» አለን። ያ የፊሊፒንስ ሰው ከአባቱ ያጣው ቃል ትዝ አለንና «ፈቅደናል፤ ሂድ» አልነው። ተነሥቶ ጕልበታችንን ሳመ።

እናቱ ይህን ኹሉ ጊዜ ዝም ብላ ወደ አደባባዩ ትመለከት ነበር። «ትምህርቱን ጨርሰህ የምትሳፈረው መቼ ነው?» አለችው። «መርከብ ካገኘሁ ምናልባት በሚመጣው የካቲት» አለ። ጣቷን እያጠፈች መቍጠር ጀመረች፤ የካቲት፥ መጋቢት፥ ሚያዝያ፥ ግንቦት፥ ሰኔ፥ ሐምሌ፥ ነሐሴ። ስምንተኛዋን ጣት ሳታጥፍ ቆየችና «ደመራው ያመልጠዋል» አለች።