በጀልባ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ፣ ደሴን አልፎ፣ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው ከአንድ ትልቅ ውኃ ዳር ይደርሳል። የውኃው ስም ሐይቅ ነው። በአጠገቡ ያለችው ከተማም ሐይቅ ትባላለች። ሌላው ሐይቅ ሁሉ የራሱ ስም አለው። ጣና ይባላል፤ ዝዋይ ይባላል፤ ሐዋሳ ይባላል። የእኛውን ግን ብዙ ሰው ሐይቅ ብቻ ይለዋል። 

በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ከቤተሰቤ ጋር ወደዚያ ሄድን። አምስት ነበርን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ወንዱ ልጄ፣ ሴቷ ልጄና እናቴ። እናቴ ዕድሜዋ ከስድሳ አልፏል። ፊደል የቆጠረችው አምና በማታው ትምህርት ነው። ከዚያ ወዲህ ያየችውን ጽሑፍ ሁሉ ሳታነብ አታልፍም። የሱቅ ስም ታነባለች። በጭነት መኪና ላይ የተጻፈውን ታነባለች። የስኳር ከረጢት ታነባለች። አንዳንዴ እኛ ቸኩለን እሷ ቆማ ታስጠብቀናለች።

ከኮምቦልቻ በማለዳ ወጣን። ኮምቦልቻ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ናት፤ ደሴ ግን ከፍታ ላይ ናት። በመካከላቸው የሀረጎ ዳገት አለ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪናው እየተጠማዘዘ ሲወጣ ጆሮ ይደፈናል። ልጆቼ ይሳሳቁ ነበር። እናቴ ግን ዓይኗን ጨፍና ጸሎት ታደርግ ነበር። ደሴ ስንደርስ ብርዱ ተቀበለን። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ነበር። ከመናኸሪያው ሌላ ሚኒባስ ይዘን ጉዞ ቀጠልን። ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ እስከ ውኃው ዳር በባጃጅ ሄድን።

በዚህ መንገድ ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ፣ ከመነሣታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቁ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ በዚህ በኩል አልፏል። ሐይቅም፣ ደሴም፣ ኮምቦልቻም ብዙ አይተዋል።

ውኃው ዳር ስንደርስ ልጆቼ ዝም አሉ። እንዲህ ያለ ብዙ ውኃ አይተው አያውቁም። ዙሪያውን ተራራ ከብቦታል። ዳርና ዳሩ ሸንበቆ ነው። ጠዋት ስለነበር ነፋስ የለም። ውኃው ተኝቷል።

ይህ ሐይቅ ከጣና ጋር ሲተያይ በጣም ትንሽ ነው። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥልቀቱ ግን ያስደንቃል። ጣና ትልቅ ቢሆንም፣ በጣም ጥልቅ በሆነው ቦታ 14 ሜትር ያህል ነው። ሐይቅ ግን ከ80 ሜትር ያልፋል። ስምንት ሜትር የሚሆን የመብራት ምሰሶ ታውቃላችሁ። አሥሩን ምሰሶ አንዱን በአንዱ ላይ ብትቀጥሉት ከውኃው በላይ አይታይም። እንግዲህ ጀልባ ላይ የሚወጣ ሰው ከበታቹ ያለው ይህ ነው።

ዓሣም አለበት። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ድሮ እዚህ አልነበረም። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ከሌላ ሐይቅ መጥቶ ተጨመረበት። ተራባ፤ ዛሬ ዓሣ አጥማጆች የሚኖሩበት እሱ ነው።

የምንሄደው ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነበር። ገዳሙ በጥንት ጊዜ ደሴት ላይ ነበር። ደሴት ማለት ዙሪያውን ውኃ የከበበው መሬት ነው። በ1512 ዓ.ም. ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ቦታውን ደሴት ብሎ ጽፎታል። ከዚያ ወዲህ ግን ውኃው ሸሸ። አሁን ደሴቱ በቀጭን መሬት ከዳር ጋር ተያይዟል። በእግርም ይገባል።

እናቴ ይህን ስትሰማ፣ «ታዲያ በእግር የሚኬድ ከሆነ ጀልባ ምን ያደርግልናል?» አለች።

ልጆቹ ግን ከኮምቦልቻ የተነሡት ለጀልባው ነው። ጀልባው ቀረ ብንላቸው ለቅሶው እስከ ደሴ ይሰማ ነበር። ስለዚህ ጀልባ ያዝን።

ጀልባው የብረት ነው፤ ከኋላው ሞተር አለው። ባለ ጀልባው ወጣት ነው። ዋጋውን አስቀድመን ተነጋገርን። እኛ አምስታችን ገባን። ቀጥሎ ሕፃን ያዘለች ሴት ከባሏ ጋር ገባች። ስምንት ሆንን። ቀጥሎ ከደሴ የመጡ ሦስት ወጣቶች ገቡ። ጀልባው ዝቅ አለ። ውኃው ከጠርዙ በታች አንድ ስንዝር ሲቀረው አየሁ። አየሁ እንጂ አልተናገርኩም። ሰው ሁሉ ዝም ሲል እኔ ፈሪ መባልን ጠላሁ። እውነቱ ይኸው ነው።

ባለ ጀልባው ሞተሩን ሊያስነሣ ገመዱን ያዘ። በዚህ ጊዜ እናቴ ጣቷን ዘርግታ የጀልባውን ጎን ማንበብ ጀመረች። ቀለሙ ፈዟል። ፊደሉን አንድ በአንድ ነው የምታነበው።

«ከ… ስም… ከ8 ሰው በ… በላይ… መጫን… ክልክል ነው።»

አንብባ ስትጨርስ ቀና አለች። ሰዉን በጣቷ ቆጠረች።

«አሥራ አንድ ነን» አለች።

ባለ ጀልባው ሳቀ። «እማማ፣ ልጆች አይቆጠሩም» አላት።

እናቴ ተመልሳ ጽሑፉን አየችው። እንደገና ከመጀመሪያው አነበበችው። ከዚያ፣ «ልጆች አይቆጠሩም የሚል እዚህ ላይ የለም» አለች።

«ኧረ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምንሄደው። ምን ሆነ? ቅርብ እኮ ነው።»

«የሆነ ነገር የለም። እኔ እወርዳለሁ» አለችና ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች።

ሕፃን የያዘችው ሴት፣ «ወላሂ እውነታቸውን ነው። እኔም ይህን ሕፃን ይዤ…» አለችና ባሏን አየችው። ባሏ መሬት መሬት አየ። ባለቤቴም እኔን አየችኝ። እኔም መሬት አየሁ።

በመጨረሻ የተነሡት እነዚያ ሦስት ወጣቶች ናቸው። «እናታችን ወርደው እኛ አንቀመጥም» አሉ። ዘለው ወረዱ። ጀልባው ወዲያው ከፍ አለ። ሁላችንም አየነው። ጠርዙ ከውኃው ራቅ አለ።

ባለ ጀልባው አኩረፈ። ሁለት ጊዜ መመላለስ ነዳጅ ያስወጣዋል። እንጀራው ነው፤ አልፈርድበትም። ከወጣቶቹ አንዱ፣ «እንጠብቅሃለን፤ ሂሳብህን አታጣም» አለውና ልቡ ተመለሰ።

ጀልባ የሚገለበጠው እንዲህ ነው። ብዙ ሰው ሲጫን ጠርዙ ወደ ውኃው ይጠጋል። ትንሽ ማዕበል ሲመጣ ውኃ ይገባል። የገባው ውኃ ባለበት አይቀመጥም። ጀልባው ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ውኃውም ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ጭራሽ ያዘነብለዋል። ሰው ደንግጦ ሲነሣ ደግሞ ይብሳል። ለዚህ ነው ጀልባ ውስጥ ቁጭ ማለት የሚያስፈልገው። ልጆች መካከል ይቀመጡ። ሰውን በውኃ ላይ የሚያንሳፍፍ ጃኬት ካለ መጀመሪያ ለልጆች ይልበስላቸው፤ በደንብም ይታሰር። በእኛ ጀልባ የነበሩት አምስት ናቸው። ለትንሿ ልጄ በጣም ሰፋት። ባለቤቴ በነጠላዋ ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረችላት።

በሩቅ አገር፣ በሞቃት ባሕር ላይ፣ ቤተሰብ ይዘው ወደ ደሴት የሚሄዱ ሰዎች ሌላ ዓይነት ጀልባ አላቸው። ሁለት ቀጫጭን ጀልባዎች ጎን ለጎን ሆነው በላያቸው ወለል ይነጠፋል። ካታማራን ይሉታል። ቃሉ የመጣው በደቡብ ህንድ ከሚኖሩት ከታሚል ሕዝብ ነው። ትርጉሙ የታሰረ እንጨት ማለት ነው። እግሩን ገጥሞ የቆመ ሰው ቢገፉት ይወድቃል። እግሩን ከፍቶ የቆመ ግን ቶሎ አይወድቅም። ካታማራንም እንደዚያ ነው። በሐይቅ እንዲህ ያለ አላየሁም። ቢኖር ጥሩ ነበር፤ በተለይ ለሕፃናት።

ጉዞው ራሱ ደስ ይል ነበር። ሞተሩ ሲነሣ ልጆቹ ጮኹ። የውኃ ወፎች ከሸንበቆው ውስጥ ተነሡ። ወንዱ ልጄ እጁን ውኃ ውስጥ ሊከት ሲል እናቴ ያዘችው። ቀዝቃዛ አየር ፊታችንን ይነካን ነበር። ብዙም ሳይቆይ የገዳሙ ዛፎች ጎልተው ታዩን። ዙሪያው የተራቆተ ተራራ ሲሆን እዚያ ግን ጫካ ነው። የቤተ ክርስቲያን ዛፍ አይቆረጥም።

ገዳሙን በ1240 ዓ.ም. ገደማ ያቀኑት አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው። የመጡት ከደብረ ዳሞ ነው። ቦታው የጸሎት ብቻ ሳይሆን የትምህርት ቤት ነበር። ተማሪዎች ከሩቅ አገር እየመጡ ንባብና ጽሕፈት ይማሩ ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የእርሳቸው ተማሪ ነበሩ። የገዳሙ አለቃ ዓቃቤ ሰዓት ይባል ነበር፤ በነገሥታቱ ዘንድ ትልቅ ማዕረግ ነው። የአባ ኢየሱስ ሞዓ የብራና ወንጌል ከተጻፈ ከ700 ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚያ ዘመን ማተሚያ የለም። መጽሐፍ የሚገኘው ቆዳ ተፍቆ፣ ቀለም ተበጥብጦ፣ በእጅ ሲጻፍ ነው። አንድ መጽሐፍ ብዙ ወራት ይፈጃል።

ነገር ግን ሴት ወደ ገዳሙ አትገባም። የቆየ ሥርዓት ነው። እኔና ወንዱ ልጄ ገባን። እናቴ፣ ባለቤቴና ሴቷ ልጄ ከበሩ ውጪ ከዛፍ ሥር ቀሩ። ልጄ፣ «እኔስ ለምን?» ብላ አለቀሰች። እኔ መልስ አልነበረኝም። ሥርዓት ነው ማለት ለስድስት ዓመት ልጅ መልስ አይሆንም። ሴቶች ይዛችሁ የምትሄዱ ይህን ቤት ሳላችሁ ንገሯቸው። እኔ አልነገርኳቸውም፤ ባለቤቴም እስከ ማታ አልማረችኝም።

ስመለስ አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው ተቀምጠው ተረት ሲነግሯቸው አገኘሁ። ጥንት ይህ ሁሉ የብስ ነበር አሉ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ነበረች። ጉልበተኞች በደሏት። እግዚአብሔር ተቆጣና አገሩን ሁሉ ውኃ አደረገው። በዳዮቿ ሰመጡ። እሷ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ሳይሰምጥ ቀረ። ያ መሬት ደሴቱ ሆነ።

እናቴ ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ፣ «አባቴ፣ መሬቱ የተረፈው በሴት ምክንያት ከሆነ እኛ እንዴት ደጅ ቀረን?» አለች።

ሽማግሌው ከልባቸው ሳቁ። «እናቴ፣ ይህን የጠየቁኝ እርስዎ የመጀመሪያዋ አይደሉም» አሏት። መልሱን ግን አልነገሯትም። ዳቦ ቆረስንላቸው። ከፔርሙዝ ቡና ቀዳንላቸው። ልጄ ተረቱን እንደገና እንዲነግሯት ለመነቻቸው፤ ነገሯት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይረዝም ነበር።

ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሣ። ጠዋት ተኝቶ የነበረው ውኃ ነጭ ነጭ ማዕበል ያወጣ ጀመር። ሽማግሌው፣ «ቶሎ ሂዱ፤ ከዚህ በኋላ ይብሳል» አሉን። ወደ ጀልባው ስንወርድ ሌሎች ሰዎችም ለመመለስ ይጠብቁ ነበር። እነዚያ ሦስቱ ወጣቶችም አሉ። ሁሉም ነፋሱን ፈርቶ መጀመሪያ መግባት ፈለገ።

ባለ ጀልባው ጀልባው አፍ ላይ ቆመ። እጁን ዘርግቶ መግቢያውን ዘጋ። የገባውን ሰው በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ሴቷ ልጄ ስትገባ ጭንቅላቷን ነካ አድርጎ፣ «አራት» አለ። ሕፃኑን ያዘለችው ሴት ስትገባ፣ «አምስት፣ ስድስት» አለ። ስምንት ሲሞላ እጁን አወረደና ለቀሩት፣ «እመለሳለሁ፤ ጠብቁኝ» አላቸው።

ማዕበሉ ሁለት ጊዜ ረጨን። የእናቴ ነጠላ ራሰ። ዳር ስንደርስ ባለ ጀልባው እጇን ይዞ አወረዳት። እሷም ወርዳ፣ ነጠላዋን ጨምቃ፣ «ልጄ፣ ያ ጽሑፍ ቀለሙ ሄዷል። አድሰው፤ ዓይኔን አደከመኝ» አለችው።

«እሺ እማማ» አለና ቀሪዎቹን ሊያመጣ ጀልባውን መለሰ።