የጣና ዓሣ አጥማጅ ወፎች

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደንበጫ፥ በቡሬና በእንጅባራ በኩል የሚጓዝ ሰው 260 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ከጎጃም ደጋ ወርዶ ባሕር ዳር ይገባል። የመንገዱ ግራና ቀኝ ለም እርሻ ነው፤ ስለ ጎጃም ጤፍ ግን ብዙ ስለ ተባለ እናልፈዋለን። እዚያ ለደረሰ እንግዳ የምንመክረው፥ ማልዶ ወደ ጣና ዳር ወጥቶ ፔሊካን የተባሉት ትልልቅ ነጭ ወፎች ቁርሳቸውን እንዴት እንደሚያገኙ እንዲመለከት ነው።

ከፔሊካን ታችኛ መንቁር ሥር ከ10 ሊትር በላይ ውኃ የሚይዝ፥ እንደ ስልቻ የሚለጠጥ ቆዳ አለ። ብዙ ሰው የስንቅ ማስቀመጫ ይመስለዋል፤ ሥራው ግን ማጥመጃ ነው። ወፉ ዓሣውን ከነውኃው ይዝቅና መንቁሩን ወደ ደረቱ ዝቅ አድርጎ ውኃውን ያፈሳል፤ ከዚያ ቀና ብሎ ይውጣል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ኅብረታቸው ነው። ነጩ ፔሊካን ከሰማይ ተወርውሮ አይጠልቅም። ብዙ ጊዜ በቡድን ሆነው እንደ ፈረስ ኮቴ ቅርጽ ይሠሩና እየዋኙ ዓሣውን ወደ ዳር ይነዱታል፤ ክቡ ሲጠብ ሁሉም ባንድ ጊዜ አንገታቸውን ይደፋሉ። ደቦ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚህ ደቦ ድግስ የለም፥ እያንዳንዱ የያዘውን ይውጣል።

ይህ ብልሃት የወፍ ብቻ አይደለም። በሩቅ ውቅያኖስ የሚኖረው ጎባጣ ዓሣ ነባሪ፥ ርዝመቱ 15 ሜትር ያህል ሆኖ ሳለ፥ ጥርስ ስለሌለው ክሪል የተባሉትን ጥቃቅን ፍጥረታትና በመንጋ የሚሄዱ ትናንሽ ዓሦችን ይመገባል። በአላስካ ባሕር ጥቂቶቹ ተባብረው ከዓሣው መንጋ በታች እየዞሩ አየር ይተነፍሳሉ፤ አረፋውም እንደ አጥር መንጋውን ይከብበዋል። ያን ጊዜ አፋቸውን ከፍተው ከሥር ብቅ ይላሉ። የጉሮሯቸው ቆዳ እንደ ታጠፈ ኩታ ተዘርግቶ ውኃውን ይቀበላል፤ ከላይኛው መንጋጋ የተንጠለጠለው፥ እንደ ጥፍራችን ካለ ነገር የተሠራው ወንፊትም ምግቡን አስቀርቶ ውኃውን ያሳልፋል።

ወደ ጣና እንመለስ። የሐይቁ ከፍተኛ ጥልቀት 14 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ለፔሊካን የተመቸ ነው። አንዳንዱ ሰው ዓሣው ያለቀው በወፎቹ ነው ይላል። አንድ ፔሊካን በቀን የሚበላው ግን አንድ ኪሎ ያህል ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ሐይቁ ገቡ። ባርበስ የተባሉት የጣና ዓሦች በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ሲወጡ፥ መረቡ በወንዙ አፍ ላይ ይጠብቃቸው ጀመር። በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት የወጡ ጥናቶች ቁጥራቸው በእጅጉ ማሽቆልቆሉን አሳዩ። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የተባለው አረም ጥልቀት የሌለውን ዳርቻ፥ ይልቁንም በሰሜንና በምሥራቅ በኩል፥ ይሸፍነዋል።

ወፎቹ ጠግበው ሲበተኑ ክቡ ይፈታል፤ በወንዙ አፍ የተዘረጋው መረብ ግን እዚያው ያድራል።