ከሆለታ እስከ ጉደር፤ ለዘር የተቀመጠው እህል

በአገራችን በገበሬው ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት እህል እንዳለ አንባቢዎቻችን ሁሉ ያውቃሉ። አንደኛው ለዕለት ምግብ የሚፈጭ ነው፤ ሁለተኛው ለዘር ተለይቶ የሚቀመጥ ነው። ክረምት በከበደ ጊዜና ጎታው በጎደለ ጊዜ እንኳ ብልህ እመቤት የዘሩን እህል አትነካም። ዘሩን የበላ ቤት ለአንድ ሰሞን ጠግቦ ቢያድር፥ ለከርሞ የሚያርሰው መሬት እንጂ የሚዘራው እህል አያገኝምና።

ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀውን ይህን የቤት ደንብ በአሳባችን ይዘን፥ በቅርቡ ከአዲስ አበባ ተነሥተን በሆለታ፥ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል እስከ አምቦና ጉደር ድረስ ተጉዘን ነበር። በመንገዱ ያየነው ሁሉ ይህንኑ ደንብ የሚያስታውስ ሆኖ ስላገኘነው፥ ቤት ለሚያስተዳድርም አገር ለሚያስተዳድርም ይጠቅም ይሆናል በማለት እንደሚከተለው ጽፈነዋል።

ከከተማው ወጥቶ ወደ ምዕራብ ለሚጓዝ ሰው በግራው በኩል የወጨጫ ተራራ ይታየዋል። የመናገሻ ሱባ ደን የሚገኘው በዚህ ተራራ ጎን ነው። ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ታሪክ እንደሚነገረው፥ በ15ኛው መቶ ዓመት የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የተራራውን መራቆት አይተው የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው በዚህ ስፍራ አስተክለዋል። ጥድ ደግሞ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ አይደለም፤ ለትልቅ ቤት ምሰሶ እስኪሆን ድረስ የሰው ዕድሜ ያልፋል። እንግዲህ ያስተከሉት ንጉሥ የዛፉን ጥቅም እንደማያገኙት እያወቁ ለማያውቁት ትውልድ አስቀመጡት ማለት ነው።

ከሆለታ አልፈን አዲስ ዓለም በደረስን ጊዜ ደግሞ የዚህን ተቃራኒ የሚያስተምር ታሪክ አገኘን። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የሕዝቡ ቁጥር እየበዛ ሄደ። ለማገዶና ለቤት መሥሪያ የሚሆነውም እንጨት በዙሪያዋ ካሉት ተራሮች ሁሉ ተቆርጦ አለቀ። በዚህም ምክንያት ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በ1893 ዓ.ም. ገደማ ቤተ መንግሥት ማሠራት አስጀምረው ነበር። በዚያ ዘመን ከተማ ማለት እንጨት እስኪያልቅ ድረስ የሚቀመጡበት ሰፈር ነበርና፥ ይህ አሳብ ለማንም እንግዳ አልነበረም።

ከተማይቱን ከመዛወር ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ በ1880ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ገደማ ወደ አገራችን ገባ፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለማገዶ ይደርሳል፥ ሲቆረጥም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። እየተስፋፋ በሄደ ጊዜ መኳንንቱም ሕዝቡም በየግቢያቸው ተከሉት፤ አዲስ አበባም በስፍራዋ ጸናች። ለቤተ መንግሥት ታስቦ በአዲስ ዓለም የተጀመረው ሥራ ለእመቤታችን ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። እስከ ዛሬም ለተሳላሚውና ለተመልካቹ ቆሞ ይታያል።

ነገር ግን ነገሩ በዚህ አላበቃም። ባሕር ዛፍ ብዙ ውሃ ይጠጣል፤ በምንጭ አጠገብ ሲተከል ምንጩን ያደክማል፥ ከሥሩም እህል ደኅና ሆኖ አይበቅልም። በምዕራብ ሸዋ በመንገዱ ግራና ቀኝ የእህል ማሳ የነበረው መሬት ባሕር ዛፍ ሆኖ፥ አጣናውም በየመንገዱ ዳር ተከምሮ አይተናል። ይህን ያደረገውን ባለ መሬት ተሳስተሃል ብለን ለመፍረድ አንደፍርም፤ የልጅ ትምህርት፥ የሕመምተኛ መድኃኒትና የሠርግ ወጪ ጥድ እስኪያድግ ድረስ አይጠብቁምና። ጭንቁ እዚህ ላይ ነው፤ ገበሬው ዛሬ የሚቀበለው ገንዘብ ተቈጥሮ ይታወቃል፥ የደረቀው ምንጭ ግን በማንም መዝገብ አይጻፍም።

ይህ ጭንቅ የእኛ ብቻ አይደለም። በጀርመን አገር በሳክሶኒ የብር ማዕድን የሚያቀልጡ ምድጃዎች ደኑን ሊጨርሱት በተቃረቡ ጊዜ፥ የማዕድን ሹም የነበረው ሃንስ ካርል ፎን ካርሎቪትስ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1713 ስለ ደን አጠባበቅ መጽሐፍ አሳተመ። የመጽሐፉ ዋና ምክር ደኑ መልሶ ከሚያበቅለው በላይ እንጨት እንዳይቆረጥ ነው። በእኛም ዘመን ሄርማን ዴሊ የሚባል አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ፥ በዓለም ባንክም የሠራ፥ ይህንኑ አሳብ አስፋፍቶ አስተማረ። ዱሮ ዓሣ የሚጎድለው ጀልባ በማነሱ ነበር፥ ዛሬ ግን ጀልባው ሞልቶ ያነሰው ዓሣው ነው ይላል። በእኛም አገር እንዲሁ ነው፤ ዱሮ ያነሰው መጥረቢያ ነበር፥ ዛሬ ያነሰው ዛፉ ነው።

ለሹማምንት የሚከብደው አሳብ ደግሞ የወለድ ሒሳብ ነው። ሒሳብ ዐዋቂዎች ወደ ፊት የሚገኘውን ጥቅም በወለድ እየቀነሱ ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ ይገምታሉ። ወለዱ በዓመት ከመቶ 5 ቢሆን፥ ከ50 ዓመት በኋላ የሚገኝ 100 ብር ዛሬ የሚገመተው በ9 ብር ያህል ነው፤ ከ100 ዓመት በኋላ የሚገኘው 100 ብር ግን 76 ሳንቲም ያህል ብቻ ያወጣል። ይህ ሒሳብ ለንግድ የተገባ ነው። ነገር ግን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በዚህ ሒሳብ ተመክረው ቢሆን ኖሮ አንዲት ጥድ ባልተከሉም ነበር። ለዘር የተቀመጠውን እህል በወለድ ሚዛን የሚመዝን እመቤት የለችም፤ የዘሩ እህል ሳይነካ መቆየቱ የማናቸውም ሌላ ሒሳብ መነሻ ነውና።

ጊንጪ ስንደርስ ይህ ነገር በግልጽ ታየን። ከከተማይቱ በስተ ሰሜን የጭሊሞ ደን ይገኛል፤ ጥድ፥ ዝግባና ወይራ ያሉበት ከጥንታዊው የሸዋ ደን የተረፈ ክፍል ነው። የአዋሽ ወንዝም መነሻው በዚሁ በጊንጪ አካባቢ ካሉት ተራሮች ነው። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ የሚቀር፥ እስከዚያ ድረስ ግን ብዙ እርሻና ብዙ ከተማ የሚያጠጣ ወንዝ ነው። በላዩ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ጀመረ። ከደጋው በጎርፍ የሚታጠበው አፈር እየወረደ በግድቡ ውስጥ ስለሚከማች፥ ውሃ የሚይዝበት ስፍራ ከዓመት ወደ ዓመት ጠቧል። ስለዚህ በደንዲ ተራራ ላይ የተቆረጠ ዛፍ ዋጋውን የሚከፍለው ሻጩ ወይም ገዢው ብቻ አይደለም፤ በቆላ ያለው ገበሬና በከተማ መብራት የሚያበራው ሰው ሳያውቁት አብረው ይከፍላሉ።

የጭሊሞ ደን መዳኛ ያገኘው በዘበኛ ብቻ አይደለም። የአካባቢው ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው ከመንግሥት ጋራ ውል ተዋዋሉ፤ ደኑን ይጠብቃሉ፥ በምላሹም በልክ ይጠቀሙበታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፥ ደኑ የእኔ ነው የሚል ሰው የሌላውን እጅ ይመልሳል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 ደግሞ ማኅበረ ሰብ የደን ባለቤት ሊሆን እንደሚችል ስለ ደነገገ፥ ይህ አሠራር የሕግ ድጋፍ አግኝቷል።

ከዚያም ወደ አምቦ ወረድን። አምቦ በጠበሏና በፍል ውሃዋ ከጥንት የታወቀች ናት፤ ውሃዋም በጠርሙስ መሸጥ የጀመረው በ1920ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ገደማ ነው። ጠርሙሱ ዋጋ አለው፥ ቆርኪውም ዋጋ አለው፥ የሚያጓጉዘው መኪናም ዋጋ አለው። ዝናቡን ተቀብሎ ወደ ምድር ውስጥ የሚያሰርገው የደጋው አፈርና ሣር ግን ከሒሳቡ ውስጥ ስሙ አይጠራም። በዚህችው ከተማ በ1939 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርሻ ትምህርት ቤት ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗልና፥ ይህን ሒሳብ ለማስተማር ከአምቦ የተሻለ ስፍራ አይገኝም። በመጨረሻ ጉደር ደርሰን ወንዙ ወደ ዓባይ ሲገሠግሥ አየን፤ ውሃውን በክረምት ቀይ የሚያደርገው ቀለም የማሳው አፈር ነው።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በየክረምቱ እጅግ ብዙ ችግኝ ሲተከል ቆይቷል። ሥራው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን እመቤት የዘራችውን ሳይሆን ያጨደችውን እንደምትቆጥር፥ በመዝገብ መጻፍ የሚገባው የተተከለው ብቻ ሳይሆን ከ5 ዓመትና ከ10 ዓመት በኋላ ቆሞ የተገኘው ጭምር ነው። እንዲሁም አንድ ሹም ሥልጣኑን ሲያስረክብ የመሥሪያ ቤቱን ዕቃ ቆጥሮ እንደሚያስረክብ፥ የወረዳውን ምንጭ፥ ደንና አፈር ቆጥሮ ቢያስረክብ መልካም ይመስለናል። በተቀበለበት ቀን ስንት ምንጭ ይፈስ ነበር? ዛሬስ ስንቱ ይፈስሳል?

ለቤተ ሰብም የምንመክረው ቀላል ነው። ለገንዘብ የሚሆነውን ባሕር ዛፍ ከምንጭና ከእህል ማሳ አርቃችሁ ትከሉ። ልጅ በተወለደላችሁ ጊዜ ደግሞ አንድ ጥድ ወይም አንድ ወይራ በግቢያችሁ ትከሉና የልጁ ነው ብላችሁ ንገሩት። ልጁ ሲያድግ እንዳይቆርጠው ሳይሆን፥ ከመቁረጡ በፊት ለልጁ ሌላ እንዲተክል አስተምሩት።