የስንዴ ዘር በኪሎ ወይስ በፍሬ?

«ለአንድ ሄክታር ስንዴ ስንት ዘር ያስፈልጋል?» ተብለን ስንጠየቅ መልሳችን የታወቀ ነው፤ በብተና 150 ኪሎ፣ በመስመር ከሆነ 125። ይህ ፈተና ላይ ነጥብ ያስገኛል። ማሳ ላይ ግን ብቻውን ብዙም አይናገርም ባይ ነኝ።

ምክንያቱም የሚበቅለው ፍሬው እንጂ ኪሎው አይደለም። የ1000 ፍሬው ክብደት 40 ግራም የሆነ ስንዴ 150 ኪሎ ሲዘራ በአንድ ካሬ ሜትር 375 ፍሬ ያርፋል። 30 ግራም ብቻ የሚመዝን ደቃቃ ዘር ከሆነ ግን ያው 150 ኪሎ 500 ፍሬ ይሆናል። ምክሩ አንድ፣ ማሳው ሁለት!

ታዲያ ዘር ሲበዛ ምን ይሆናል? እንደሚታወቀው ስንዴ ቦታ ሲያገኝ ከሥሩ ተጨማሪ ዘንግ እያወጣ ክፍተቱን ይሞላል፤ ሲጠበው ግን ይህን ይተዋል። ስለዚህ ዘሩን እጥፍ ስላደረግን ዛላው እጥፍ አይሆንም። ዛላው በቁጥር ቢጨምር እንኳ በእያንዳንዱ ላይ ያለው ፍሬ ያንሳል፣ ይኮሰምናልም። ብርሃን ፍለጋ የተመዘዘው ቀጭን አገዳ ደግሞ ነፋስና ዝናብ ሲመጣ ይጋሽባል። ጥቅጥቅ ያለ ማሳ እርጥበት አፍኖ ስለሚይዝ ለበሽታም ይመቻል። (ዘር መቀነስ ዋግን ያስቀራል ማለቴ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ቁብሳን የጨረሰው ዝርያው መቋቋም ስላልቻለ ነው።)

ይህን ሁሉ ለአባቴ ነግሬዋለሁ። አርሲ ውስጥ አራት ጥማድ መሬት አለው፤ በጥማድ 50 ኪሎ ይበትናል፣ በሄክታር ሁለት ኩንታል መሆኑ ነው። ወደ 150 ቢወርድ 50 ኪሎ ይተርፈዋል። ዘሩ የሚወጣው ደግሞ ከምንበላው ጎተራ ስለሆነ ክረምት ላይ 50 ኪሎ ስንዴ ቀላል ነገር አይደለም። እሱ ግን «ሳሳ ካለ ሲናሩ ይበላዋል፤ ደግሞ ነቀዝ የነካው ሁሉ ይበቅላል እንዴ?» አለኝ።

እኔም ከጎተራው 100 ፍሬ ቆጥሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልኩ። በሳምንቱ የበቀለው 70 ነው። እንግዲህ እናስላው። በካሬ ሜትር 300 ተክል ከፈለግን 429 ያህል ፍሬ መጣል አለበት። የ1000ው ክብደት 35 ግራም ቢሆን ይህ በሄክታር 150 ኪሎ ይመጣል። ኧረ ገና ነው! በማረሻ ሲሸፈን ጥልቅ የገባው፣ ወፍ የለቀመው አልተቆጠረም። ያ ሲታከል የአባቴ ሁለት ኩንታል ያን ያህል የተጋነነ አይደለም። እኛ በቃል የያዝነውን ቁጥር እሱ በዓይኑ እያስተካከለ ነው የሚዘራው።

ስለዚህ በእኔ እምነት «ዘር ቀንስ» ከማለታችን በፊት የዘሩን ጥራት ማየት ይቀድማል። የተበጠረ፣ ነቀዝ ያልነካው፣ ብቅለቱ የተፈተሸ ዘር ያለው ገበሬ ያለ ስጋት ይቀንሳል። ሌላው ቢቀንስ ዕዳው የራሱ ነው፤ የመከረው ሰው ደመወዝ አይጎድልም። ዘግይቶ ለሚዘራም ቢሆን ስንዴው ተጨማሪ ዘንግ የሚያወጣበት ጊዜ ስለሚያጥረው መጠኑ ከፍ ማለት አለበት እንጂ ዝቅ አይልም።

ለመጪው ሰኔ አንዱን ጥማድ በተበጠረ ዘር፣ በ38 ኪሎ ልንሞክረው ተስማምተናል። አባቴ ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነው፤ የዚያን ጥማድ አረም የማርመው እኔ ነኝ።